ሊዘ ማይትነርና የተመራማሪው ደመወዝ

የዶክትሬት ዲግሪ ባለቤቱ ምርምር ማካሄድ እንደሚችል ይመሰክራል፤ የሚሠራበትን ቤተ ሙከራና የሚተዳደርበትን ደመወዝ ግን አይሰጠውም። በዲግሪውና በቋሚ ሥራው መካከል ያለው ይህ ክፍተት ምን ያህል ሰፊ ሊሆን እንደሚችል የፊዚክስ ሊቅ የነበሩት የሊዘ ማይትነር ሕይወት አጉልቶ ያሳያል።

ማይትነር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1878 በቪየና ተወለዱ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በአገራቸው ለሴት ልጆች የሚሰጠው መደበኛ ትምህርት በ14 ዓመት ዕድሜ ያበቃ ስለ ነበር፣ በግል አጥንተው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን በ1901 አለፉ። በ1906ም ከቪየና ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ሆኖም ለሴት የፊዚክስ ምሁር ክፍት የነበረው ሥራ ከመምህርነት ብዙም የማያልፍ በመሆኑ፣ በ1907 የማክስ ፕላንክን ትምህርት ለመከታተል ወደ በርሊን ሄዱ።

በዚያም ከኬሚስቱ ከኦቶ ሐን ጋር የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮችን ማጥናት ጀመሩ። የፕራሺያ ዩኒቨርሲቲዎች በዚያን ጊዜ ሴቶችን በተማሪነት አይቀበሉም ነበርና፣ የኬሚስትሪ ተቋሙ ኃላፊ ኤሚል ፊሸር የፈቀዱላቸው ቀድሞ የአናጢ መሥሪያ በነበረ ምድር ቤት ብቻ እንዲሠሩ ነው። ክልከላው በ1908 ቢነሣም ደመወዝ አልተከተለውም። አምስት ዓመት ያህል ከቤተሰባቸው በሚላክላቸው ገንዘብ እየኖሩ በነጻ ሠሩ።

በ1912 ፕላንክ ረዳታቸው አድርገው ቀጠሯቸው። ፕላንክ የሴቶችን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በጥቅሉ የማይደግፉ ቢሆኑም፣ ለማይትነር ችሎታ ግን በሩን ከፈቱ። ሥራው የተማሪዎችን መልመጃ ማረም ነበር። ቢሆንም በምርምር ሰፈር ያገኙት የመጀመሪያ ደመወዝ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ቀና፤ በ1917 በካይዘር ቪልሄልም የኬሚስትሪ ተቋም የፊዚክስ ክፍል ኃላፊነት ተሰጣቸው፤ በ1918 ከሐን ጋር የፕሮታክቲኒየምን መገኘት አስታወቁ፤ በ1926ም በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ አገኙ።

ይሁን እንጂ በትውልዳቸው አይሁዳዊ በመሆናቸው የናዚ መንግሥት በ1933 የማስተማር መብታቸውን ገፈፈ። በ1938 ሐምሌ ላይ ወደ ሆላንድ አምልጠው ከዚያ ስዊድን ገቡ። በስቶክሆልም መቀመጫ ቢያገኙም መሣሪያም ረዳትም አልተሟላላቸውም። ዕድሜያቸው ወደ 60 ሲጠጋ እንደ ጀማሪ ተመራማሪ እንደገና ተነሡ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ ሐንና ሽትራስማን ዩራንየምን በኒውትሮን ሲመቱ ባሪየም ማግኘታቸውን ሐን በደብዳቤ ገለጹላቸው። ማይትነርም ሊጠይቃቸው ከመጣው ከእኅታቸው ልጅ ከኦቶ ፍሪሽ ጋር ሆነው፣ ኒውክለሱ ለሁለት መሰንጠቁንና ከእያንዳንዱ ስንጥቀት 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ኃይል እንደሚወጣ አሰሉ። ፍሪሽ ራሱ በ1933 ከሀምቡርግ ሥራው ተባርሮ፣ በኋላ በኮፐንሃገን በኒልስ ቦር ተቋም የተጠለለ ተመራማሪ ነበር። ትንታኔው በ1939 ታተመ። የ1944 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ግን ለሐን ብቻ ተሰጠ።

ማይትነር በ1968 በካምብሪጅ ዐረፉ፤ በ1997ም 109ኛው ንጥረ ነገር በስማቸው ማይትነሪየም ተባለ።

ዩኒቨርሲቲ ለአዲስ ዶክተር የሚሰጠው የጥቂት ዓመታት የምርምር ቅጥር በበጀት መዝገብ ላይ አነስተኛ ወጪ ነው። የማይትነር ቤተሰብ ለአምስት ዓመት ይህን ወጪ ባይሸፍን ኖሮ፣ በ1912 ፕላንክ የሚቀጥሯት ተመራማሪ በበርሊን ባልተገኘች ነበር። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ለሌላቸው ምሁራን ይህን ቦታ መክፈት የተቋማት ኃላፊነት ነው።