ከጄኔቫ ሸንጎ እስከ ድንበር ቆላ

ከሸሕዲ ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ ድንበሩን ሲያይ ብላቴን ጌታ ሎሬንሶ ታእዛዝን የሚያስታውስ አይመስለንም። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1900 ጣልያን በያዛት ኤርትራ፣ በአካለ ጉዛይ ተወለዱ። በራስ ተፈሪ ድጋፍ ፈረንሳይ ሄደው በሞንፔልዬ ሕግ ተማሩ። በ1934 የወልወል ግጭት ሲነሳ በኢትዮጵያ የድንበር ኮሚሲዮን ውስጥ ነበሩ።

ከዚያ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለሀገራቸው ተሟገቱ። ሕጉ ከእሳቸው ጋር ነበር፤ ኃይሉ ግን አልነበረም። በ1936 ማኅበሩ በወራሪው ላይ የጣለውን ማዕቀብ ራሱ አነሳ።

ሌላ የሕግ ሰው ቢሆን መዝገቡን አጥፎ በስደት ይቀመጥ ነበር። እሳቸው ግን በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ የጣልያን ጦር መተማ ላይ ሰፍሮ ሳለ፣ በሱዳን በኩል ድንበሩን በድብቅ ተሻግረው ወደ አርበኞች ገቡ። ኤርትራዊ ናቸውና ቢያዙ እንደ ከዳተኛ ተገዥ መቆጠራቸው አያጠራጥርም። ሥራቸው በጎጃምና በበጌምድር የተቃቃሩ የጦር አለቆችን ማስማማት ነበር። ዳኛም መዝገብም በሌለበት ጫካ እንዲህ ያለው ሽምግልና ከጄኔቫው ሙግት ሳይከብድ አይቀርም። ያዩትንም ለውጭው ዓለም ጻፉ።

ከ1941 ጀምሮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ኋላም በሞስኮ ኢትዮጵያን ወከሉ። በ1946 ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው ስቶክሆልም ላይ ዐረፉ።