ማሞሩ ሺጌሚትሱ፤ ሚኒስትርና እስረኛ

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተማርን ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን የጃፓኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የማሞሩ ሺጌሚትሱ ታሪክ ስለ ሆነ፣ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች በአጭሩ ልናቀርበው ወደድን። ዘመኑን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሺጌሚትሱ በ1887 ኪዩሹ በምትባለው ደሴት ተወለዱ። በቶኪዮ ሕግ ተምረው በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገቡ። በ1932 በቻይና የመንግሥታቸው መልእክተኛ ሆነው ሳሉ፣ በሻንጋይ የንጉሠ ነገሥታቸው ልደት ሲከበር፣ አገሩ በጃፓን የተገዛችበት አንድ የኮርያ ወጣት ቦምብ ወረወረ። ሺጌሚትሱ ቀኝ እግራቸውን አጡ፤ ከዚያ ወዲያ በእንጨት እግር ሄዱ። በሞስኮና በለንደንም አምባሳደር ነበሩ።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት በሚያዝያ 1943፣ ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ከተከፈተ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ጃፓን በተሸነፈች ጊዜም መስከረም 2 ቀን 1945 ሚዙሪ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ በዚያው እግራቸው በጭንቅ ወጥተው የእጅ መስጠቱን ውል የፈረሙ እርሳቸው ናቸው። ይህን ሸክም የሚፈልገው ሰው እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

በ1946 ግን ተይዘው፣ ከ11 አገሮች የተውጣጡ ዳኞች በተሰየሙበት የቶኪዮ ፍርድ ቤት ቀረቡ። በኅዳር 1948 ፍርድ ከተቀበሉት 25 ሰዎች 7ቱ በስቅላት እንዲሞቱ ሲፈረድ፣ ለሺጌሚትሱ 7 ዓመት እስራት ተወሰነ፤ ከሁሉ ያነሰው ቅጣት ይህ ነበር።

ክርክራችን እዚህ ላይ ነው። ጦርነቱን በማካሄድ ከመከሰሳቸው ሌላ፣ በጦር ምርኮኞች ላይ ግፍ እንደሚፈጸም የጠላት መንግሥታት በስዊስ በኩል አቤት ሲሉ ጕዳዩን አጥብቀው አላስመረመሩም ተባሉ። ፍርድ ቤቱ፣ ቢያስፈልግ ሥልጣናቸውን እስከ መልቀቅ ድረስ መግፋት ነበረባቸው አለ። ጦርነቱን ካሴሩት ወገን አለመሆናቸውንና በዘመናቸው አገሪቱን የያዘው ጦር ሠራዊቱ መሆኑን ግን ለቅጣት ማቅለያ ቈጠረላቸው። የሆላንዱ ዳኛ ሮሊንግ ጭራሹን በነፃ ይለቀቁ ብለው ተለዩ። ከእኛም እኩሌቶቹ ከሮሊንግ ጋር ሆንን፤ የቀሩት ግን በየካምፑ ያለቁትን ምርኮኞች እያነሡ አልረታ አሉ።

ሺጌሚትሱ በኅዳር 1950 በአመክሮ ተፈቱ። በታኅሣሥ 1954 ዳግመኛ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ታኅሣሥ 18 ቀን 1956 ጃፓን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባልነት ስትገባ በጉባኤው ፊት ቆመው የተናገሩት እርሳቸው ነበሩ። በሚከተለው ወር፣ በጥር 1957፣ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ።