ፓውል ኤርሊክና የለመዱት ጀርሞች

ፓውል ኤርሊክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1854 በፕሩሲያ ግዛት በሲሌሲያ ተወለደ። ሕክምና ሲማር ልቡ ያደረው በቀለም ላይ ነበር። አንድ ቀለም አንዱን ሴል ነክሮ ሌላውን እንደሚተው ስላየ፣ እንግዲያው ጀርሙን ብቻ ይዞ የሚገድል፣ ሰውየውን ግን የማይጎዳ መርዝ መገኘት አለበት ብሎ ተነሣ።

በፍራንክፉርት ከረዳቶቹ ጋር ብዙ መቶ የአርሰኒክ ቅመሞችን መረመረ። በ1909 ጃፓናዊው ረዳቱ ሳሃቺሮ ሃታ ቁጥር 606 የተባለው ቅመም ቂጥኝ የያዛቸውን ጥንቸሎች እንደሚያድን አረጋገጠ። በ1910 ሳልቫርሳን ተብሎ ለሽያጭ ቀረበ።

ዳሩ ግን አርሰኒክ ምን ጊዜም አርሰኒክ ነውና አንዳንዱን በሽተኛ ጎዳ፤ የሞቱም ነበሩ። ኤርሊክ ነቀፌታውን ተቀብሎ ሥራውን ቀጠለ፤ በ1912 በቀላሉ የሚሟሟውን ኒዮሳልቫርሳንን አወጣ።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ በ1907 ሌላ ነገር አይቶ ነበር። በአይጦች ደም ውስጥ ያሉት ትሪፓኖሶሞች መድኃኒቱ ሲደጋገምባቸው ለመዱት፤ ዘራቸውም አልሞት አለ። ስለዚህ ጀርም ሳይለምድ በልዩ ልዩ መድኃኒት ባንድነት መመታት እንዳለበት አስተማረ።

በ1915 ሞተ። የሳልቫርሳንን ቦታ ፔኒሲሊን ወሰደው፤ የለመደ ጀርም ግን ዛሬም አለ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኪኒን የምንውጥ ተማሪዎች የኤርሊክን አይጦች እናስታውስ።