አብርሃም ፍሌክስነር፦ ሐኪም ሳይሆኑ የሕክምና ትምህርትን የለወጡ መምህር

በሰሜን አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ታሪክ እ.አ.አ 1910 በተለየ ሁኔታ የሚነሳ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት በአሜሪካና በካናዳ የሚገኙ 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ ይዞታውን ለሕዝብ ያሳወቀ አንድ የጥናት ሪፖርት ታትሞ ወጣ። ሪፖርቱን ያዘጋጁት ሰው ሐኪም አልነበሩም። የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍም ለጥናቱ ከመሰማራታቸው በፊት ረግጠው አያውቁም ነበር። እኚህ ሰው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር የነበሩት አብርሃም ፍሌክስነር ናቸው።

ፍሌክስነር የተወለዱት እ.አ.አ ኖቬምበር 13 ቀን 1866 በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ ነው። ከአውሮፓ ከመጡ አይሁዳውያን ወላጆች ከተወለዱት ዘጠኝ ልጆች ስድስተኛው ነበሩ። የባርኔጣ ነጋዴ የነበሩት አባታቸው በ1873 አገሪቱን ባናወጠው የገንዘብ ቀውስ ሀብታቸውን በማጣታቸው ቤተሰቡ ለችግር ተዳረገ። ይሁንና የመድኃኒት መደብር የነበራቸው ታላቅ ወንድማቸው ጄኮብ ወጪያቸውን በመሸፈናቸው፣ ፍሌክስነር በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ አጠናቀቁ።

ወደ ትውልድ ከተማቸው ከተመለሱ በኋላ በመምህርነት አገለገሉ፤ ቀጥሎም በ1890 የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። በዚህ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በቃል አጥንተው ፈተና እንዲያልፉ ሳይሆን በተግባር እየሰሩ እንዲማሩ ይደረግ ነበር። ፍሌክስነር ትምህርት ቤቱን በ1905 ዘግተው በሐርቫርድና በጀርመን ተጨማሪ ትምህርት ከተከታተሉ በኋላ፣ በ1908 የአሜሪካን ኮሌጆች አሰራር የሚተች መጽሐፍ አሳተሙ።

መጽሐፉ የካርኔጊ የማስተማር ማሻሻያ ተቋም ፕሬዚዳንት የነበሩትን ሄንሪ ፕሪቼትን ትኩረት ሳበ። ፕሪቼት የሕክምና ትምህርት ቤቶችን እንዲያጠኑ ጥያቄ ባቀረቡላቸው ጊዜ፣ ፍሌክስነር የታወቁት ሐኪምና ተመራማሪ ወንድማቸው ሳይመን የተፈለጉ መስሏቸው ነበር። ፕሪቼት ግን የፈለጉት የማስተማርን ሙያ የሚያውቅ ሰው እንጂ ሐኪም አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ከነበሩት ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ በጥቂት ሐኪሞች ባለቤትነት ለትርፍ የቆሙ ነበሩ። መምህራኑ የተማሪዎችን ክፍያ ይካፈላሉ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ያላጠናቀቀ ሰው ገንዘብ እስከከፈለ ድረስ ይመዘገባል። ከ155ቱ ትምህርት ቤቶች ቢያንስ ሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርትን ለመግቢያ የሚጠይቁት 16 ብቻ ነበሩ። በሽተኛ በቅጡ ሳይመረምር የሐኪምነት ዲግሪ የሚቀበለው ተመራቂ ጥቂት አልነበረም። የዚህም መዘዝ የሚወድቀው በታማሚው ሕዝብ ላይ ነበር።

ፍሌክስነር እያንዳንዱን ትምህርት ቤት በአምስት ነጥቦች መዘኑት። እነዚህም የመግቢያ መመዘኛ፣ የመምህራን ብዛትና ብቃት፣ የገንዘብ ምንጭ፣ የቤተ ሙከራዎች ይዞታ እንዲሁም ተማሪዎች የሚለማመዱበት ሆስፒታል ናቸው። በቃል የተነገራቸውን ብቻ አይቀበሉም ነበር። በአዮዋ ግዛት በዴ ሞይን ከተማ በጎበኙት አንድ ትምህርት ቤት በሮቹ ላይ የልዩ ልዩ የትምህርት ዓይነቶች ስም ቢጻፍም ክፍሎቹ ተቆልፈው አገኟቸው፤ ኃላፊውም በውስጣቸው የተሟላ መሣሪያ እንዳለ አረጋገጡላቸው። ፍሌክስነር ከኃላፊው ከተለያዩ በኋላ ብቻቸውን ተመልሰው ለጥበቃው ጉርሻ ሰጥተው አስከፈቱ። በየክፍሉ የነበረው አንድ ጠረጴዛ፣ አነስተኛ ጥቁር ሰሌዳና ወንበሮች ብቻ ነበር።

ሪፖርቱ ሲወጣ ከፍተኛ ቁጣ ቀሰቀሰ። ፍሌክስነር በስም ማጥፋት ተከሰሱ፤ በቺካጎ ከተማ ቢታዩ በጥይት እንደሚመቱ የሚያስጠነቅቅ ስም የለሽ ደብዳቤም ደረሳቸው። እርሳቸው ግን ወደ ከተማዋ ሄደው ንግግራቸውን አድርገው ተመለሱ። ትችቱን ተቀብለው የታረሙም ነበሩ። በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የበላይ ኃላፊ የነበሩት ሮበርት ብሩኪንግስ በመጀመሪያ ሪፖርቱን ቢቃወሙም፣ ከፍሌክስነር ጋር ተቋሙን ዞረው ካዩ በኋላ የሕክምና ትምህርት ቤቱ እንደገና እንዲደራጅ አድርገዋል።

የትምህርት ቤቶች ቁጥር መቀነስ የጀመረው የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር በ1904 ባቋቋመው ምክር ቤት አማካይነት ቁጥጥር ሲጠናከር ነው። ሪፖርቱ ሂደቱን አፋጠነው። በ1920 የቀሩት 85 ያህል ነበሩ። ፍሌክስነር በሮክፌለር ገንዘብ በሚንቀሳቀሰው የትምህርት ቦርድ ውስጥ በሰሩባቸው ዓመታት ደግሞ ብርቱ የሆኑት ትምህርት ቤቶች ከፍተኛ ድጋፍ እንዲያገኙ አደረጉ። በዚህም መምህራን ከግል ሕክምና ገቢ ተላቀው ሙሉ ጊዜያቸውን ለማስተማርና ለምርምር የሚያውሉበት አሰራር በ1913 በጆንስ ሆፕኪንስ ተጀመረ።

ፍሌክስነር የሐኪም ተግባር የታመመን ማከም ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡን ከበሽታ መከላከል ጭምር መሆኑን በሪፖርታቸው አስፍረዋል። ይሁንና ይህ እምነታቸው ሁሉንም ኅብረተሰብ በእኩል ዓይን ያየ አልነበረም። ጥቁር ሐኪሞች በዋነኛነት የራሳቸውን ወገን እንዲያክሙና ንጽሕናን እንዲያስተምሩ፣ ይህም የሚያስፈልገው ነጮችን ከበሽታ ለመጠበቅ ጭምር መሆኑን ጽፈዋል። ከነበሩት ሰባት የጥቁሮች የሕክምና ትምህርት ቤቶች እንዲቀጥሉ ሐሳብ ያቀረቡት ለሃዋርድና ለሜሃሪ ብቻ ሲሆን፣ አምስቱ ከጊዜ በኋላ ተዘግተዋል። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት እነዚህ አምስት ትምህርት ቤቶች ባይዘጉ ኖሮ ከ35 ሺህ በላይ ሐኪሞችን ሊያስመርቁ ይችሉ እንደነበር ገምቷል። የትምህርት ዘመኑ መርዘምና የወጪው መጨመርም የድሀ ቤተሰብ ልጆች ወደ ሙያው የሚገቡበትን በር አጥብቦታል።

ፍሌክስነር በ1930 በፕሪንስተን የከፍተኛ ጥናት ተቋምን መስርተው እስከ 1939 መርተዋል። ከጀርመን የናዚ አገዛዝ የሸሹት አልበርት አንስታይን በ1933 ወደዚሁ ተቋም የገቡትም በፍሌክስነር ጥሪ ነበር። እ.አ.አ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1959 በ92 ዓመታቸው በቨርጂኒያ ግዛት አረፉ።

የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ለላቀ አስተዋጽኦ የሚሰጠው ሽልማት ለረጅም ዓመታት በስማቸው ሲጠራ ቆይቶ፣ በሪፖርቱ ውስጥ በሰፈሩት ዘረኛና ሴቶችን ዝቅ የሚያደርጉ አመለካከቶች ምክንያት በ2020 ስማቸው ከሽልማቱ ላይ ተነስቷል። የተቆለፈን በር አስከፍቶ የሚያይ መርማሪ፣ በቤተ ሙከራ የተደገፈ ትምህርትና ከሆስፒታል ጋር የተሳሰረ ልምምድ ግን ዛሬም ድረስ የሕክምና ኮሌጆች የሚመዘኑባቸው መለኪያዎች ናቸው። የፍሌክስነር ሥራ የተወው ትምህርትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ አንድ የሕክምና ኮሌጅ ተጠያቂ የሚሆነው ስለሚያስተምርበት ደረጃ ብቻ ሳይሆን፣ ተመራቂዎቹ ስለሚያገለግሉትና ሳያገለግሉት ስለሚቀረው ሕዝብ ጭምር ነው።