የጭንቀት መጠይቅ ከየት መጣ? የፕሮፌሰር ሮበርት ዉድወርዝ የሕይወት ታሪክ



ባለፈው የጤና ውይይታችን ላይ አንዲት ነርስ ሃያ ጥያቄዎች የያዘ ወረቀት ይዛ መጥታ ነበር። ራሳችንን ያመን እንደሆነ፣ እንቅልፍ እንደምናጣ፣ እጃችን ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፣ ከወትሮው በላይ እናለቅስ እንደሆነ እያነበበች ጠየቀችን። ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለነበር ሁላችንም ማለት ይቻላል ደህና ነን፣ ተመስገን እያልን አሳለፍነው። እሷም የመለስነውን ጽፋ ሄደች። ከዚያ በኋላ ቡና ተፈላ። በረካው ሳይደርስ አንዷ ሌሊት እየባነነች ቁጭ ብላ እንደምታነጋ አወራች። ሌላዋ እህል ከቀመሰች ብዙ ቀን የሚሆናት ጊዜ እንዳለ ተናገረች። ሦስተኛዋ ምንም ሳትል እንባዋ ወረደ። ነርሷን መዋሸታችን አልነበረም፤ በሰው ፊት ለሚቀርብ እንዲህ ላለ ጥያቄ የለመድነው መልስ ያው አንድ ነው።

ይህ ነገር ስለከነከነን የእንዲህ ዓይነቱን ወረቀት አመጣጥ ለማወቅ ፈለግን። ያገኘነው ከመቶ ዓመት በፊት በጦርነት ጊዜ የሠሩ የአንድ አሜሪካዊ መምህር ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮበርት ሴሽንስ ዉድወርዝ ኦክቶበር 17 ቀን 1869 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በልቸርታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። እናታቸው ሊዲያ ሴሽንስ ሴቶች ከፍተኛ ትምህርት እምብዛም በማያገኙበት ዘመን የተማሩ መምህርት ሲሆኑ፣ በኦሃዮ ግዛት አንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ሲመሠረት ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ።

ወጣቱ ሮበርት መጀመሪያ ያሰቡት እንደ አባታቸው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ለመሆን ነበር። በአምኸርስት ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመታቸው ላይ የተማሩት የሥነ ልቦና ትምህርት ግን ሐሳባቸውን አስቀየራቸው። በ1891 ከተመረቁ በኋላ አራት ዓመት በመምህርነት ሠሩ፤ በአብዛኛው የሚያስተምሩት ሒሳብ ነበር። ከዚያ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ዊልያም ጄምስ ዘንድ ተማሩ። በ1899 በኒው ዮርክ ከሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በእንግሊዝ አገር ሊቨርፑል ከታወቁት የነርቭ ተመራማሪ ከቻርልስ ሸሪንግተን ጋር ከሠሩ በኋላ በ1903 ወደ ኮሎምቢያ ተመለሱ። በዚያው ዓመት ጋብሪኤል የተባሉ ኖርዌያዊት አግብተው አራት ልጆች አፈሩ። ከዚያ በኋላ የሥራ ዘመናቸው በሙሉ ኮሎምቢያ ነው ያለፈው።

ለኛ ትርጉም ያለው አንድ ሥራቸው በ1904 የተሠራ ነው። በሴንት ሉዊስ ከተማ በተካሄደው ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ከሺህ በላይ ሰዎች የማየት፣ የመስማትና ሌላም ችሎታቸው ተለካ። ያን ጊዜ ብዙ ምሁራን የሰውን ዘር በደረጃ ለመደርደር ይሽቀዳደሙ ነበር። ዉድወርዝ ግን በ1910 ባሳተሙት ጽሑፍ ጥንቃቄን መከሩ። በአንድ ሕዝብ ውስጥ ያለው ልዩነት ሰፊ መሆኑን፣ የሁለት ሕዝቦች ውጤት እርስ በርሱ እንደሚደራረብ፣ ስለዚህም አማካይ ቁጥር ይዞ በሰው ላይ መፍረድ እንደማይገባ አስረዱ። በ1914 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በዚያው ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ጦር ሜዳ ከነበሩት ወታደሮች ብዙዎቹ አካላቸው ሳይቆስል ይታመሙ ጀመር። አንዳንዱ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱ መናገር ያቅተዋል፤ ሌላው እንቅልፍ አጥቶ ሲቃዥ ያድራል። እንግሊዞች ሼል ሾክ አሉት፤ ከመድፍ ፍንዳታ የመጣ ድንጋጤ እንደማለት ነው። ብዙ አዛዦች እንደ ፍርሃት፣ እንደ ስንፍናም ቆጠሩት። ሐኪሞች ግን ኒውሮሲስ ከሚሉት ችግር ወገን መሆኑን ተገነዘቡ። ኒውሮሲስ በዚያን ዘመን አጠራር ሰው አእምሮውን ሳይስት፣ የሚያደርገውን እያወቀ፣ በጭንቀት፣ በፍርሃትና በሰውነት ሕመም የሚሠቃይበት ሁኔታ ነው።

አሜሪካ በኤፕሪል 1917 ጦርነቱን ስትቀላቀል የሥነ ልቦና ማኅበሩ ሥራውን ለአባላቱ አከፋፈለ። ለዉድወርዝ የደረሳቸው፣ ወደ ጦር ሜዳ ከመሄዳቸው በፊት በመንፈስ ሊጎዱ የሚችሉትን ምልምሎች ለይቶ ማወቂያ መንገድ መፈለግ ነበር። እያንዳንዱን ምልምል ከአንድ የአእምሮ ሐኪም ጋር አስቀምጦ ማነጋገር የሚቻል አልነበረም። ምልምሉ እልፍ፣ ሐኪሙ ጥቂት ነው።

ዉድወርዝ ያመጡት ሐሳብ ቀላል ይመስላል። ሐኪሙ በቃል የሚጠይቀውን በወረቀት ላይ ማስፈር፣ ምልምሉም ራሱ አዎ ወይም አይደለም ብሎ እንዲመልስ ማድረግ ነው። ለዚህም የታመሙ ሰዎችን ታሪክ እየመረመሩ ምልክቶችን ሰበሰቡ። መቃዠት፣ ራስን መሳት፣ የልብ መምታት፣ ቶሎ መድከም፣ የቦታና የሰው ፍርሃት፣ የልጅነት ደስታና ሐዘን ሁሉ ጥያቄ ሆኑ።

ቀጥሎ ያደረጉትን ልብ እንበል። ጥያቄዎቹን ለጤነኞች አቀረቡ። ከጤነኞቹ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሕመም ምልክት ነው የተባለውን መልስ ከሰጡበት፣ ያ ጥያቄ እንዲወጣ አደረጉ። ሩብ የሚሆን ጤነኛ ሰው የሚሰማው ነገር በሽተኛን ሊለይ አይችልምና። እንዲህ ተበጥሮ ተንገዋሎ የቀረው 116 ጥያቄ ሆነ። አንድ መልስ ብቻውን ምንም አይወስንም፤ የሚታየው ድምሩ ነው። ድምሩ የበዛበት ሰው ወደ ሐኪም ይላካል እንጂ በሽተኛ ነው ተብሎ አይፈረድበትም። ወረቀቱ ወንፊት ነው፤ የሚፈርደው አነጋግሮ የመረመረ ሐኪም ነው።

መጠይቁ ለታሰበለት ሥራ ሳይውል በኖቬምበር 1918 ጦርነቱ አበቃ።  ነገር ግን ከጦርነቱ በኋላ ታትሞ ወጣና ለሌሎች መነሻ ሆነ። በ1923 ኤለን ማቲውስ የተባሉ ሴት ለልጆች በሚስማማ መንገድ አዘጋጁት። በ1930 ሉዊስ ተርስተንና ባለቤታቸው ቴልማ ተርስተን 223 ጥያቄ ያለው ሰፊ መጠይቅ አወጡ። በ1953 ደግሞ ጃኔት ቴይለር የተባሉ ወጣት ተመራማሪ ጭንቀትን ብቻ ለይቶ የሚለካ 50 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አሳተሙ።

የዚህ ዓይነት ወረቀት ድካሙም ቶሎ ታየ። ጥያቄው ግልጽ ስለሆነ መላሹ የትኛው መልስ ምን እንደሚያስከትልበት ያውቃል። መዝመት የማይፈልግ ሰው ያልታመመውን ታመምሁ ሊል ይችላል፤ ውርደት የሚፈራ ደግሞ የታመመውን ይደብቃል። በ1943 በሚኔሶታ የወጣ ትልቅ መጠይቅ መላሹ ራሱን አሳምሮ ለማቅረብ መሞከሩን የሚጠቁሙ ጥያቄዎች የጨመረው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢጨመርም ችግሩ በሙሉ የሚፈታ አይመስለንም። ሰው የሚደብቀው መልሱ የት እንደሚደርስ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ዉድወርዝ በዚያ መጠይቅ ብቻ አልቆሙም። በዘመናቸው አንዳንድ የሥነ ልቦና ሰዎች ከውጭ የሚታየው ድርጊት ብቻ ይጠና፣ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው አይታመንም ይሉ ነበር። ዉድወርዝ አልተስማሙም። በሚደርስብን ነገርና በምንሰጠው ምላሽ መካከል ሰውየው ራሱ አለ፤ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ቢደርስባቸው አንድ ዓይነት ምላሽ የማይሰጡት ለዚህ ነው ብለው አስተማሩ። በ1921 ያሳተሙት የሥነ ልቦና መማሪያና በ1938 ያወጡት የሙከራ ሥነ ልቦና መጽሐፍ ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ ኮሌጆች ተማሩባቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም እስከ 1958 ድረስ ማስተማር አላቆሙም። በ1956 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ፋውንዴሽን የመጀመሪያውን የወርቅ ሜዳልያ ሸለማቸው። ጁላይ 4 ቀን 1962 በ92 ዓመታቸው ኒው ዮርክ ውስጥ ዐረፉ።

ነርሷ ይዛልን የመጣችው ወረቀት የዚህ የዘር ሐረግ ልጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሐኪም በማይበቃባቸው አገሮች እንዲያገለግል ያዘጋጀው ሲሆን፣ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ጎረቤታችን ሱዳን ነበረች። ሃያዎቹ ጥያቄዎች ባለፉት ሠላሳ ቀናት የተሰማንን ይጠይቃሉ፤ መልሱም እንደ ዉድወርዝ ወረቀት አዎ ወይም አይደለም ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ተነቦለት ሊመልስ ይችላል። ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በቡታጅራ በተካሄዱ ጥናቶች ላይ ውሏል። ስንት አዎ ሲሞላ ወደ ሐኪም መላክ ይገባል ለሚለው ለዓለም ሁሉ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። እንደ አገሩና እንደ ሕዝቡ ተጠንቶ የሚወሰን ነው። ዉድወርዝ ጥያቄዎቻቸውን በጤነኞች ላይ ማበጠራቸው እዚህ ላይ ይታወሰናል።

ይህን ታሪክ ስንጨርስ ስለዚያ የጤና ውይይት ቀን ሌላ ነገር ታየን። ወረቀቱም ነርሷም ጥፋት አልነበረባቸውም። ችግሩ ለአንድ ሰው ብቻ የተዘጋጀውን ጥያቄ በጉባኤ መመለሳችን ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የማይደበቅበት ቦታ ማዘጋጀት የጠያቂው ፋንታ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጊዜ ተመካክረን የሚከተለውን ተስማምተናል። ጥያቄው ለየብቻ፣ በተዘጋ ክፍል ይነበባል። ከመጀመሩ በፊት ለምን እንደሚጠየቅና መልሱን ማን እንደሚያየው ለእያንዳንዷ ይነገራታል፤ አልመልስም ማለትም መብቷ ነው። ድምሩ የበዛባት እህት ከፈቀደች ከመካከላችን አንዷ ጤና ጣቢያ ድረስ አብራት ትሄዳለች። ከሃያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ሕይወትን ስለማጥፋት ሐሳብ ነው። ለእሱ አዎ ያለች እህት የቀሩት መልሶቿ ምንም ይሁኑ ምን፣ በዚያው ቀን ከጤና ባለሙያ ጋር ሳትገናኝ ብቻዋን ወደ ቤቷ አትሄድም።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። በሚቀጥለው ሪፖርታችን ላይ የተጨነቁ አባላት ቁጥር ከባለፈው በዝቶ ብታዩት ሥራችን ወደ ኋላ ሄደ ብላችሁ እንዳታዝኑ። ያን ቀን ደህና ነን ያልነው ሴቶች እውነቱን መናገር ጀመርን ማለት ሊሆን ይችላልና።