ብላቴን ጌታ ኅሩይና የልቅሶው ግጥም

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. በመርሐቤቴ ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ፤ ኋላም ወደ እንጦጦ መጡ።

መጻሕፍትን እጅግ ይወዱ ነበር። ነገር ግን የሚጽፉትን ያገኙት ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም። በአገራችን ሰው ሲሞት አልቃሽ ግጥም እየደረደረች ታለቅሳለች። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ፥ አልቅሶ፥ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እርሳቸው ግን ሰምተው አልተዉትም፤ በ1910 ዓ.ም. የልቅሶ ዜማ ግጥም የሚባለውን መጽሐፍ አሳተሙ።

ሠርግም የታሪክ ምንጭ ሆነላቸው። በዚያ ዘመን ልጆችን ያለ ዕድሜያቸው መዳር የተለመደ ነበርና፥ ይህን ልማድ ለመንቀፍ የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን የጋብቻ ታሪክ ፈጥረው በ1923 ዓ.ም. አወጡ። በተግሣጽ ቢናገሩትም ባልከፋ፤ ዳሩ ግን ተግሣጽ ቶሎ ይረሳል፥ ስሟን የምናውቃት ልጅ ግን ከልብ አትጠፋም።

ወደ አውሮፓና ወደ ጃፓንም ተጉዘው የሌላውን አገር ሥራ አዩ። በ1925 ዓ.ም. በታተመው አዲስ ዓለም በሚባለው መጽሐፋቸው ዐወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ አለ፤ ፓሪስ ተምሮ ሲመለስ በአሮጌው ልማድና በአዲሱ ዕውቀቱ መካከል ይጨነቃል።

ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ፤ በ1931 ዓ.ም. በዚያው በስደት ሳሉ ዐረፉ።