የአርተር ራምቦ የመጨረሻ ጉዞ

በ1854 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የተወለደው ባለቅኔ አርተር ራምቦ፣ ቅኔውን ትቶ በ1880 ሐረር ገባና በንግድ ተሰማራ። በ1891 መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ ሲያብጥ ተራ የደም ሥር ሕመም መስሎት እግሩን ጠፍሮ ሥራውን ቀጠለ። መራመድ ሲሳነው ግን 16 ሸካሞች በቃሬዛ ይዘውት በ12 ቀን ዘይላ አደረሱት። በማርሴይ ሜይ 27 ቀን እግሩ ተቆረጠ፤ ካንሰሩ ግን ተሰራጭቶ ስለነበር በኖቬምበር 10 ቀን በ37 ዓመቱ ዐረፈ።

ከጂቡቲ የተዘረጋው ሐዲድ ድሬዳዋ ደርሶ ከተማይቱ የተቆረቆረችው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1902 ነበር። የዘመኑ ሕክምና ራምቦን ባያድነው እንኳ፣ የማይለቅ እብጠትን በግምት ከማስታመም ፈጥኖ ማስመርመር እንደሚገባ ሕይወቱ ያስተምራል። መንገድና ሐዲድም የሕክምና አካል መሆናቸውን ለመሐንዲሱ ያስገነዝባል።